ሮስኮፍ ላይ ፊቴን ያዞርኩብህ ዕለት

ውድ ኤርዋን፣

ደጋግመህ ደውለህልኛል፤ አላነሳሁም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

አገሬ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የደረሰብንን ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ለምግብ የሚሆነው ጥቁሩ ዛጎላችን እንደ ድሮው ከባሕር እንደወጣ ወደ እናንተ አይሻገርም፣ መጀመሪያ እዚሁ ዌልስ ውስጥ ይጽዳ ተባለ። ማጽጃው ደግሞ የለንም። የአባቴን ጀልባ ሸጥኩ። ያኔ ነው፣ "ና እኔ ጋ ሥራ፤ ፈረንሳይም ባሕር አላት እኮ!" ያልከኝ። ስንት ዓመት ደንበኛዬ የነበርከው ሰውዬ ቀጣሪዬ ልትሆን! እየተሸማቀቅኩም ቢሆን እሺ አልኩ።

የሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሰምቼ ነበር። ግን እንደ ጎረቤት ቤት ስገባ ስወጣ የኖርኩትን እኔን ማን ይጠይቀኛል ብዬ ናቅኩት።

እናንተ አገር ሮስኮፍ ወደብ ላይ ከመርከቡ ወርጄ ከኅብረቱ ውጪ የሚመጡ ሰዎች ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ፖሊሷ ፓስፖርቴን አገላበጠችው።

"ለምን መጡ?"

"ለጉብኝት።"

ሻንጣዬን አስከፈተችኝ። ከላይ የጎማ ቦቲዬ፣ ከሥሩ የሥራ ቱታዬ።

"ጭቃ ነው የሚጎበኙት?" አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሳቀ።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እንግሊዝ፣ ፕሊመዝ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ቦርሳዋን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ። "ደገፍ ይበሉ አባባ፤ ይቆያል።"

"በምን አወቅሽ?"

"እኔ ሁሌ በዚህ ሰልፍ ነዋ የምመጣው።"

እኔ ግን በሽበቴ ነው ያን ሰልፍ ያወቅኩት።

አትገባም ብለው ወደ መርከቡ ሲመልሱኝ ከመስታወቱ ማዶ አየሁህ። የክት ሸሚዝህን ለብሰህ እጅህን አነሳህልኝ። አይቼሃለሁ ኤርዋን። አይቼህ፣ እንደማላውቅህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መባረሩን እረሳው ይሆናል፤ ይህን ግን አልረሳውም።

ለግዌን፣ "ባሕሩ ተናውጦ ተመለስን" አልኳት። የባሕር ሰው ሚስት ናት፤ አላመነችኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ያሳፈረህ መመለስህ ነው ወይስ እሱ ማየቱ?"

"ማየቱ።"

"ታዲያ እኔ ላይ ምን ትነጫነጫለህ? ለሱ አትጽፍለትም?"

ፈቃዱን በወጉ ለማውጣት፣ "ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው እዚህ አጣሁ" ብለህ መፈረም ሊኖርብህ ይችላል አሉኝ። ለእኔ ስትል እንደምትፈርም አውቃለሁ። አትፈርም። የእህትህ ባል ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የለ? እሱን ቅጠረው።

በመስከረም ግዌንን ይዤ እመጣለሁ፣ ለጥየቃ ብቻ። ወደብ ድረስ እንዳትለፋ፤ ቤትህ አይጠፋኝም። መጥቼ አንኳኳለሁ። የምለውን ቆሜ እስክጨርስ ግን ጠርሙስ እንዳትከፍትብኝ።

በራሱ ያፈረው ወዳጅህ፣
ኤምሪስ