በዘጠነኛው ክፍል ስለቀበሩት ታላቅ ወንድሜ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሎ ቺ-ሃንግ
የሰባት ፋኖስ ፊልም ኩባንያ ሊቀ መንበር
ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣

አዲሱ ዓመት ከገባ ወዲህ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኩባንያዎ አክሲዮንም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ከጋዜጣ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ጉልበትዎ አይድከም፣ እንቅልፍዎ አይጓደል፣ ልብዎም ያለ ሐኪም እርዳታ ይምታ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት የጨመርሁት በእኛ ቤት ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው።

ስሜ ታም ዋይ-ሺን ይባላል። ሻም ሹይ ፖ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ታም ክዎክ-ፋይ ከእኔ ጋር ይኖራል። ስሙን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ፊቱን ግን ሳይጠይቁት ስለተጠቀሙበት ያውቁታል። «የወደቡ ዘብ» በተባለው ተከታታይ ፊልምዎ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ክፍል ጀልባ ነጂውን አህ-ናምን ሆኖ የሠራው እርሱ ነው። አህ-ናም በየክፍሉ ከአንድ ከፍታ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ የሱሪውን አቧራ ያራግፋል፣ ከዚያም የጣለውን ሲጋራ ይፈልጋል። ያኔ አዳራሹ በጭብጨባ የሚናጋው ለዋናው ተዋናይ ጡጫ ሳይሆን አህ-ናም ብድግ ሲል እንደነበር የቲኬት ሽያጭ ክፍልዎ ሊመሰክር ይችላል።

ዘጠነኛው ክፍል በአዲስ ዓመቱ በዓል ሰሞን ሲወጣ፣ እንደ ማንኛውም የከተማችን ቤተሰብ እኛም አዲስ ልብስ ለብሰን ሄድን። ቲኬቱን የገዛው ወንድሜ ነው። «እስቲ ልጆቹ ምን እንዳበሰሉ እንቅመስላቸው፤ ጨው ቢያንሰውም ዝም ትያለሽ፣ በዓል ነው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ዝም አልሁ። አሁን ግን በዓሉ አልፏል፤ ስለዚህ ፊልሙን የተማሪ ፈተና በማርምበት ደንብ አርሜ ውጤቱን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አወዳደቅ። በመጀመሪያው ክፍል አህ-ናም ከቀርከሃው የግንባታ ርብራብ ሲወድቅ ካሜራው ዓይኑን አልጨፈነም፤ የሱቁ ሸራ ሲቀደድ፣ የብርቱካኑ ክምር ሲናድ፣ ሰውየው አስፋልቱን ሲመታ በአንድ ትንፋሽ አየን። በዘጠነኛው አንድ ሰው ከመስኮት ሲዘል እግሩን አሳዩን፣ መስታወቱን አሳዩን፣ የሚጮህ ሕፃን አሳዩን፣ ከዚያም ሰውየው መሬት ላይ ቆሟል። መካከሉን ተመልካቹ በቤቱ እንዲሠራው የተሰጠ የቤት ሥራ ከሆነ ስላመኑብን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ክብደት። በአዲሱ ፊልምዎ ውስጥ ክብደት ያለው ነገር የለም። አውቶቡሱ ከድልድይ ወርዶ እንደ ላባ ያርፋል፤ ዋናው ተዋናይ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ወርዶ ክራቫቱን ያስተካክላል። የስበት ሕግን ለዘጠኝ ዓመት ልጆች ያስተማርሁት ስህተት ከሆነ ወላጆቻቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ያማረውን አለማመስገን በደል ስለሆነ፣ በገበያው ደረጃ ላይ የተደረገውን ፀብ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ያቺ የዓሣ ነጋዴዋን ልጅ የምትሠራው ወጣት በእውነት ወድቃለች፤ ክርኗ ሲላጥ አይቻለሁ። ወንድሜም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጎሽ! ትከሻሽን አስቀደምሽ!» ሲል ሰዎች ዞረው ተመለከቱት። በበዓሉ ሁሉ በዚያ መጠን ሲደሰት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አራተኛው ነጥብ እነሆ፤ ደብዳቤውንም የጻፍሁት ስለ እርሱ ነው።

ከዚህ ትዕይንት ጥቂት ቆይቶ አህ-ናም ራሱ ብቅ አለ። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ፣ የወንድሜን አፍንጫ፣ የወንድሜን ጠባሳ፣ የማናውቀውን ሰው ትከሻ ይዞ። ኮምፒውተር እንደሠራው በኋላ ተነገረን። ከርብራቡ ላይ ተገፈተረ፣ ወደቀ፣ አልተነሣም። ቀጥሎም የአበባ ጉንጉን፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ለቀስተኞች፣ በመካከላቸውም ግድግዳውን የሞላ የወንድሜ የቀብር ፎቶ። በዘመን መለወጫ፣ ክቡር ሆይ፣ «ሞት» የሚለውን ቃል አፋችን በማናስገባበት ቀን።

ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ «ውይ፣ ሽማግሌው ሞተ በቃ! ደግሞ እስካሁን ነበር እንዴ?» አለ። ወንድሜ ዞር ብሎ «አለሁ፣ ወንድሜ። አንተ ብቻ ፈንዲሻህን ጭንቅላቴ ላይ አትቅበር» ሲለው አካባቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እርሱ ግን ወደ ቤት ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ የቲኬቱን ቁራጭ ጉልበቱ ላይ እያጣጠፈና እየዘረጋ መጣ።

ለእርስዎ ይህን ማስረዳት ድፍረት ቢሆንም፣ ከአባትዎ ኩባንያውን ሲረከቡ ምናልባት የተዘለለ ነገር ይኖር ይሆናል። በዚህ ከተማ ሬሳ ሆኖ የተኛ ወይም ፎቶው ለቀብር የተሰቀለ ተዋናይ፣ ቀይ ፖስታ ከአሠሪው እጅ ሳይቀበል ከቀረጻው ቦታ አይወጣም። ፖስታው ውስጥ አንዲት ሳንቲም ብትሆንም ይበቃል። «የሞትኸው ለጨዋታ ነው፣ ወደ ቤትህ ግባ» ማለት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ ለወንድሜ በሁለት እጃቸው የሰጡት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ከጣሪያ ወድቆ አንድ ቀን ሙሉ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ተኝቶላቸዋል። አሁን ግን ቀረጻ አልነበረም፤ የተኛም ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ፖስታ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ለማንም አልታሰበውም። ወንድሜ ከሲኒማ ወንበር ላይ ሆኖ ሞቶ፣ ማንም «ግባ» ሳይለው ቀረ።

የወንድሜ የልብ ቫልቭ ተበላሽቷል። ሐኪሞቹ ረጅም ወረፋ ካስጠበቁን በኋላ በመጪው ሐሙስ ሊቀይሩለት አልጋ ይዘዋል፤ ከዚያ ካለፈ ልቡ እንደማይጠብቃቸውም በግልጽ ነግረውኛል። ከበዓሉ በፊት ሻንጣውን ራሱ አዘጋጅቶ ነበር። አሁን ግን አልሄድም ብሏል።

«ጋሼ፣ አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል እኮ» ብዬ ለመንሁት።

«ይስጡት። እኔን ቀብረውኛል። ያን ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ብተኛ የሚነሣው ማነው?»

«ፊልም እኮ ነው!»

«አንቺ የሳይንስ አስተማሪ ነሽ፤ ይኼ ያንቺ ትምህርት አይደለም። ይልቅ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ጠጪ።»

እውነት ነው፣ በእኔ ትምህርት ፖስታው ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከአምስተኛ ፎቅ ሲዘል እግሩ ያልተንቀጠቀጠው፣ በየቀረጻው መጀመሪያ የተጠበሰ አሳማ ተቆርጦ ለአማልክቱ ሳይቀርብ አንድም ቀን ካሜራ ፊት ስላልቆመ ነው። ድፍረቱ የተሠራው ከእነዚህ ነገሮች ነው፤ አንዱን ብትመዝዙበት ሌላው አይቆምም።

ወደ ቢሮዎም መጥቼ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት በታላቅ ትሕትና «ውይ እትዬ፣ አህ-ናም የእውነት ሰው ነው እንዴ? እኛ እኮ ከመጀመሪያውም ኮምፒውተር የሠራው መስሎን!» ብሎ የወንድሜ ፊት የታተመበት የቁልፍ መያዣ ሸለመኝ። የሕግ ክፍል ኃላፊዋም ሻይ ጋብዘውኝ፣ ወንድሜ በጉብዝናው ወራት የፈረመው ውል ፊቱን ለዘላለም እንደሚያካትት አስረዱኝ። ቀጥለውም «መምህርት፣ ፖስታውን ከሰጠን እኮ አጥፍተናል ብለን አመንን ማለት ነው። ነገ ሌላው ሟች ቢመጣስ?» አሉ። ሟች ከመጣ በእርግጥ ከባድ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ አሳፋሪ ነገር አደረግሁ። ለበዓል ስጦታ ቤት ከነበሩን ቀይ ፖስታዎች አንዱን መርጬ «ከኩባንያው ተላከልህ» ብዬ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ፊቱም በራ። ከዚያ ገልበጥ ሲያደርገው ከጀርባው የባንካችንን ስም አነበበ፤ ለደንበኞቹ በየዓመቱ ከሚያድላቸው ፖስታዎች አንዱ ነበር። ሰባት ፋኖስ የታተመበትን የኩባንያዎን ፖስታ በየአዲስ ዓመቱ አርባ ዓመት ሲቀበል የኖረ ሰው እንዴት ይሳሳታል? «ሰባት ፋኖስ ባንክ ከፈተ እንዴ?» አለኝና መልሶ እጄ ላይ አኖረው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለፊልሙ ከመቶው አርባ አንድ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ፤ አብዛኛው የዓሣ ነጋዴዋ ልጅ ነጥብ ነው። አዲሶቹ ክፍሎች እንደ ድሮዎቹ ያረካሉ ወይ ብለው ጋዜጦች ይጠይቃሉ። የድሮዎቹ ያረኩን የወደቀው ሰው እንደኛው አጥንት ስለነበረውና ቢነሣም እያመመው ስለተነሣ ይመስለኛል። የእናንተ አዲስ ሰዎች ሲሞቱም አያማቸውም። የሚያመው ሌላ ቦታ፣ በእኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በጨዋ ደንብ ለመጻፍ የቻልሁትን ያህል ሞክሬአለሁ። አሁን እለምንዎታለሁ። ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታ ጠይቁን አልልም፣ ትዕይንቱም ይቆረጥ አልልም፤ ሕግ ክፍልዎ ከፈለገ ምንም እንዳላጠፋችሁ አምኜ እፈርማለሁ። ፋኖሱ የታተመበትን አንድ ፖስታ ይዘው ይምጡ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ ይሠራል። በሁለት እጅዎ ይስጡትና «አጎቴ ፋይ፣ የሞትኸው ለጨዋታ ነው፣ ወደ ቤትህ ግባ» ይበሉት። ከእኔ አልቀበልም አለ። ከእርስዎ ግን ይቀበላል። ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም።

ለጊዜዎ፣ ለሻያችሁ እና ለቁልፍ መያዣው ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ ለኩባንያዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለተዋናዮችዎም ቢያንስ እስከ ሐሙስ ድረስ ሕይወትን እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ ጡረተኛ መምህርት፣ የሟቹ እህት፣
ታም ዋይ-ሺን

ማስታወሻ፦ ለመምጣት የማይመችዎ ከሆነ፣ የቀብሩን ፎቶ በትልቁ አሳትመው እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእናንተ ባለሙያዎች እጅግ አሳምረው ሠርተውታል፤ ቤታችን ግን ወንድሜ ቀና ብሎ የተነሣው ሌላ ፎቶ ስለሌለ፣ ከሐሙስ በኋላ የምሰቅለው አጥቻለሁ።