ሰላምታው ሁሉ ወደ አንደኛዋ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት።

የአባባን የስኳር መርፌ ወጋሁ፣ ቁርስ አበላሁ፣ ልብሱን ቀየርኩ። የታክሲ ሰልፍ። የሥራ ቦታዬ ሊፍት ዛሬም አይሠራም፣ አራተኛ ፎቅ በእግር። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቁጭ አልኩ። ማዮማው፣ የማሕፀን ዕጢዬ፣ ደሜን ጨርሶታል ብሎኛል ዶ/ሩ። የኦፕራሲዮን ቀጠሮዬ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ ነው፣ ኅዳር 18። ሁለቴ አሳልፌያለሁ፤ አንዴ አባባ ወድቆብኝ፣ አንዴ እዚህ መብራት እየሄደ እየመጣ ሰርቨሮቹ አልነሳ ብለውኝ። ይሄንንም ካሳለፍሽ ከሰልፉ ጭራ ትሰለፊያለሽ ተብያለሁ።

የድሮው ደብተር አልቋል፤ አንተ አዲስ ነህና ስማ። የሰባተኛና የበርበሬ በረንዳ ጅምላ ነጋዴዎች ማኅበር ጂፒዩ የሚባል ከባድ ስሌት የሚሠራ ቺፕ ያላቸው ሦስት ሰርቨር ገዝቶ እዚህ ክፍል አስቀምጧል። አማርኛ የሚያወራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል እዚሁ ይሠራል፤ ወሬያቸው ከመርካቶ እንዳይወጣ። የኔን ገበያ የፈረንጅ ኮምፒውተር ለምን ይወቀው፣ ነው የሰብሳቢያችን የሀጂ ሸምሱ ነገር። ነጋዴው ከሱቁ በስልኩ ይጠይቃል። ጥያቄው ለየትኛው ማሽን እንደሚሰጥ የሚወስን ፕሮግራም አለ፤ አከፋፋዩ እለዋለሁ። የሱ ጠባቂ እኔ ነኝ። ብቻዬን። ምክትል ይቀጠርልኝ ካልኩ ዓመት አለፈኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

እሰይ! ለአከፋፋዩ አዲስ ሕግ ጻፍኩለት። እስከ ትናንት ጥያቄውን በተራ ነበር የሚያድለው፣ አንዱን ለመጀመሪያዋ ማሽን ለማ1፣ ቀጣዩን ለማ2፣ ከዚያ ለማ3። አሁን ግን የጥያቄውን መጀመሪያ ያያል። እንዲህ የሚጀምር ነገር ቀድሞ ያነበበ ማሽን ካለ ለሱ ይሰጠዋል። ያ ማሽን ያነበበውን ስለሚያስታውስ እንደ አዲስ አያነብም፤ ቶሎ ይመልሳል። የሚያውቀው ይሥራው፣ በቃ። ከራሴ ስልክ ሞከርኩት፣ መልሱ ከተፍ! ሀጂ መርቀውኛል። ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣ አልዋሽህም።

ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ነስሩ ደወለ። ለአባባ ዓይን ቀጠሮ ያዥለት አለኝ። ሱቅህ ከሆስፒታሉ አጠገብ አይደል ወይ ስለው፣ ካርዱንም ሐኪሙንም የምታውቂው አንቺ ነሽ አለ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።

ማ1 ትንፋሿ ያቃጥላል። ማ2ና ማ3 ቀዝቀዝ ብለዋል። በርበሬ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከታች የሚፈጨው በርበሬ ብናኙ አራት ፎቅ ወጥቶ ይመጣል። ማራገቢያዎቿን ፈትቼ አጸዳሁ። አስነጠሰኝ፣ አስለቀሰኝ። ስገጥማቸው ያው ትኩሳት።

ማታ ሁላችንም አባባ ጋ። ተናገርኩ በመጨረሻ። ሐሙስ ሆስፒታል እተኛለሁ፣ እስክድን አባባን ነስሩ ይውሰደው። ነስሩ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ነስሩ፣ መርፌው እንዴት ይሆናል፣ እኔ መርፌ አላውቅም፣ እጅሽን ለምዷል፣ ለምን ትንሽ አታራዝሚውም? አባባም ቀና ብሎ ያንቺ እጅ አያምም አለኝ። ፍቅር ነው እኮ ያናገረው።

ታናሻችን ሙራድ ጥግ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። አውቶቡስ ተራ ስልክ ይጠግናል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። የጠየቀውም የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 5 ሰዓት።

ጉድ ፈላ። ከጠዋት ጀምሮ የነጋዴው ስልክ ነው። ማሽኑ ተኛ፣ ማሽኑ ደነቆረ፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ገበያው የደራበት ሰዓት! እያንዳንዱን አይዞህ ስል ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ማ1 ጥፍት። ነቀልኳት። ጂፒዩዋ አልቋል።

የሚገርምህ፣ ሌሎቹን ከፍቼ ሳይ ጠዋቱን ሙሉ ምንም አልሠሩም። ምንም! አንዷ ስትነድ ሁለቱ ጎኗ ቁጭ ብለው እያዩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16።

አገኘሁት። ማግኘቴም አናደደኝ።

ሀጂን አስፈቅጄ የጥያቄዎቹን መጀመሪያ መጀመሪያ ብቻ አየሁ። ሰላምታ ነው! ሁሉም ለማሽኑ ሰላምታ ያቀርባሉ። «እንደምን አደርክ፣ ሰላም ነው፣ ጤና እንዴት ነው፣ ቤት፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ሁሉ ደህና? ተመስገን።» ለብረት! ልጆቹን ይጠይቁለታል! ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አቡጀዴው ስንት ጣቃ ቀረ የሚመጣው። አከፋፋዩ ደግሞ በሕጌ መሠረት መጀመሪያውን ያያል። ይህንን ሰላምታ ማን ያውቀዋል? ማ1። ውሰጂ። ቀጣዩስ? ማ1። ባወቀች ቁጥር ይጨመርላታል፣ በተጨመረላት ቁጥር ይበልጥ ታውቃለች።

እኔስ ስሞክረው? የሞከርኩት በራሴ አጠያየቅ። ይሄን ደምር። ያንን ጻፍ። ሰላም የሚባል ነገር የለም። ሰው ማናገር ከረሳሁ ቆይቻለሁ መሰለኝ።

ለሀጂ ነገርኳቸው። ሰላምታውን ቢያሳጥሩልኝ ብዬ ሞከርኩ። ሰው ሰላም ሳይል ጉዳይ ይጀምራል ወይ፣ ከብት ነን እንዴ አሉኝ። ከዚያ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁለቱ ቁጭ ብለው አንዷ እስክትቃጠል ዝም ይባላል ወይ ልጄ አሉኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ስለ ማሽን አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17።

ሕጉን ገለበጥኩት። አከፋፋዩ መጀመሪያ ማን እንደከበደው ያያል፤ ማን እንደሚያውቅ ኋላ። የማያውቀው አንብቦ ይወቅ፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ማ2ና ማ3 ቀኑን ሙሉ ተካፍለው ሠሩ። እነሱም ሰላምታውን ለመዱት። ይችሉ ነበር ለካ።

ሀጂ ወጥተው መጡ፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው አራት ፎቅ። አዲሱ ጂፒዩ ከውጭ እስኪገባ ቀጠሮሽን አራዝሚ አሉኝ። ቢበላሽስ፣ ማሽኖቹን የምታውቂያቸው አንቺ ብቻ ነሽ። ትናንት ሎሚ ሲያካፍሉ የነበሩት ሰውዬ! ሳቅ አፈነኝ። ሀጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነገ እተኛለሁ፣ ቢበላሽም ባይበላሽም አልኳቸው። ደነገጡ። እኔም ደነገጥኩ። አላህ ያሽርሽ ብለው በቀስታ ወረዱ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጠዋት።

አባባን በላዳ ይዤ በቀጥታ ነስሩ ሱቅ። ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቋል። አባባን የጨርቅ ጣቃ ላይ አስቀመጥኩት፣ የመድኃኒቱን ዘንቢል እግሩ ሥር። ነስሩ በዓይኑ ሊበላኝ፣ በሰው ፊት ደግሞ ምን ይበል? ሁለቱንም ወደ ጓዳ ወስጄ ነስሩን መርፌውን አስያዝኩት። ወጋው። አባባን አመመው፣ አየሁ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ እንጂ ወደ ወጋው አላዞረም። ማታ ትመጪያለሽ አይደል አለኝ።

አልመጣም አባባ አልኩት። ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። ራጉኤል እስክደርስ ዞር ብዬ አላየሁም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ተሸካሚ ገጨኝ፣ ሰደበኝም። እሰየው፣ ይስደበኝ።

4 ሰዓት። ሆስፒታል።

አልጋ ተሰጠኝ። ነርሷ አስታማሚሽ ማነው አለች። የለም አልኳት። ደም የሚሰጥስ ዘመድ? የለም። ወንድም እህት የለሽም ወይ ብላ ደገመችልኝ።

የሰው አስታማሚ ሆኜ ስንት ዓመት! የራሴ ሲጠየቅ ባዶ። ስልኬ ይጮኻል፣ ነስሩ ነው፤ መርፌው ስንት ሰዓት ነው ሊለኝ ነው፣ ዘንቢሉ ውስጥ ጽፌለታለሁ። ዘጋሁት። ሀጂ። ዘጋሁት።

ከዚያ ሙራድ ትዝ አለኝ። የተቆጣሁት የነስሩን እምቢታ ነው፤ ሙራድ ግን እምቢ አላለኝም። ጠይቄው አላውቅማ። አንድ ቀን እንኳ። ሁሉን ለራሴ የማድል አከፋፋይ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ እነሱም ተመቻቸው።

ደወልኩ። ወዲያው አነሳ። ነገርኩት፣ ሁሉንም። በቀጭን ድምፅ፣ እኔ እኮ ስለ ሆስፒታል ምንም አላውቅም አለኝ።

አታውቅም አልኩት። ና። ቁርስ በልተህ ና፣ ደም ትሰጣለህ።