የቦራ አንገት

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ስንታየሁ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የጠበቀሽ አምላክ በቡልጋሪያ ብርድም አይለይሽ። እኔም አባትሽም ደኅና ነን። ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ ማሽላውም ደርሷል።

እግሯ ተሰብሮ ካራቆሬ መንገድ ዳር ወድቃ ያነሳሻት ውሻሽ ቦራ አርጅታለች። መስከረም ላይ መዥገር ስለቅምላት አንገቷ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ዳሰስኩ። አባትሽ «እንቅርት ነው፣ ተያት» አለ። እኔ ግን አላስቻለኝምና ከጎጃም ተመድቦ ወደመጣው የከብት ሐኪም ወሰድኳት። በመርፌ ቀድቶ ለምርመራ ላከና በሦስተኛው ሳምንት አስጠራኝ።

«እትዬ ደመቀች፣ የእንቅርት ካንሰር ነው» አለኝ።

«ያማታል?»

«ገና ነው። እብጠቱ ከሥር ስላልተጣበቀ ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ። ግን አሮጊት ናት፣ ትድናለች ብዬ ቃል አልገባልዎትም።»

እኔም «ይሞከርላት» አልኩ። «ውሻ ምን ጊዜም ውሻ ነው» ሲል የኖረው አባትሽ፣ ቁስሏ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ጭንቅላቷን ደግፎ ይዞ ቆመ።

ይኸው ወር ሆናት። ድምፅዋ ጎርነን አለ እንጂ ትበላለች፣ የጭነት መኪና ሲያልፍም ትጮሃለች። ሐኪሙ በሽታው ሊመለስባት እንደሚችል ነግሮናል። ዛሬ ግን ደኅና ናትና ደስ ብሎናል።

አንቺም ስትታጠቢ አንገትሽን ዳሰስ አድርጊ። በላክሽው ፎቶ ላይ በሻርፕ ሸፍነሽዋል፤ ብርዱ ሲለቅ ሻርፑን አውልቀሽ አንድ ፎቶ ተነሺልኝ። ትምህርትሽን በጤና አስጨርሶ ለዓይናችን ያብቃሽ።

እናትሽ ደመቀች