ጤፍ ላይ የቆመው ነቀዝ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ዛሬም ሱቅ ዋልኩ። አባ ስንዴ ይመዝናል፣ ወንድሜ ሙናዊር ስልክ ላይ ይጮኻል፣ እኔ ከጆንያው ጀርባ ላፕቶፔን ታቅፌ። የእህል በረንዳ ገበያ አቧራ ኪቦርዱን ሊጨርሰው ነው።

ጥናቴ አልቋል ማለት ይቻላል። ክረምቱን ከረድፋችን ሱቆች የሰበሰብኩት ናሙና ተቆጥሯል፤ የትኛው እህል ላይ ምን ያህል ተባይ እንዳለ ታውቋል። የቀረው ግራፉን ማሳመር ነው። አማካሪዬ ዶክተር ሎዛ "ነጋዴዎቹ እንዲገባቸው እያንዳንዱ እህል ላይ የተባዩን ምስል አስቀምጪበት" ብለውኛል። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አለ። የፍጥረቱን የሳይንስ ስም ትጽፊለታለሽ፣ ከኢንተርኔት ጥቁር ጥላውን አምጥቶ ግራፉ ላይ ያስቀምጥልሻል። ቀላል ነው ተባለ... ቀላል? የመጀመሪያው ነቀዝ ግራፉን በሙሉ ሸፈነው። ሁለተኛው የጉንዳን እግር አክሎ ጠፋ።

ጎረቤታችን ጋሼ ውብሸት፣ ባለ ጤፉ፣ በጆንያው ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"ዶክተሬ፣ ይሄ ጎሽ ነው ነቀዝ?"

ማስተርስ ነው የምማረው ብላቸው አይሰሙም። እሳቸውና አባ ጎን ለጎን መነገድ ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም። ዓርብ አባ ለጁምዓ አንዋር መስጊድ ሲሄድ ሱቃችንን እሳቸው ይጠብቃሉ። እሳቸው ለንግሥ ሲሄዱ ደግሞ የእሳቸውን አባ። በሁለቱም ቀን የማንም በር አይዘጋም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ተሳካ! አራት እህል፣ ሦስት ጥላ። ጤፍ ባዶውን ነው፤ ጤፍ መቼም አይነቅዝም፣ ከጋሼ ውብሸት ጆንያ አንድም አላገኘሁ። ጥላዎቹ መጠናቸው ልክ፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ። እግራቸው ሳይቀር ይታያል።

ለሙናዊር ላክሁለት። "የረድፉ ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው?" አለኝ። ልቀቀው አልኩት። እንቅልፌ መጥቷል።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም።

ጋሼ ውብሸትን እንደምን አደሩ አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው ፊቴ ላይ ደቀኑት። የኔው ግራፍ ነው። ጤፍ ከሚለው ጽሑፍ በላይ አንድ ድብልብል ነቀዝ ቆሟል! ስንዴው ላይ ደግሞ... ምንም። ዓምዱ ከሁሉም ይረዝማል፣ ጥላው ግን የለም።

"የአባትሽን ስንዴ አጽድተሽ የኔን ጤፍ አስነቀዝሽው?"

"ጋሼ፣ ወላሂ እኔ..."

"ደንበኛዬ ጠዋት ምን አለኝ መሰለሽ? 'ጤፍዎ ነቀዘ እንዴ?' እኔ ውብሸት! በዚህ ዕድሜዬ!"

"የኮምፒዩተር ስህተት ነው።"

"ኮምፒዩተሩ አባትሽን ያውቀዋል?"

በረድፉ ስንዴ የሚሸጠው አባ ብቻ ነው። ማን ያምነኛል? እኔስ እንዴት አላየሁትም? መጠን መጠን ስል... ዓይኔ ነቀዙን እንጂ የቆመበትን አላየም። ሙናዊር ከቴሌግራሙ አጥፍቶታል። ግን ስንት ስልክ ውስጥ ገብቷል?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ጥላዎቹም ልክ ናቸው። ታዲያ?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ይጨሳል። ጋሼ ውብሸት ነጭ ለብሰው መጡና ሱቃቸውን ቆልፈው ሄዱ። ቆለፉት! አባ እንደ ልማዱ በሁለቱ በር መሃል ሊቀመጥ በርጩማውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ቁልፉን አየና በርጩማውን መልሶ አስገባ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

አባ ሱቁን ዘግቶ ጁምዓ ሄደ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጭራሽ ግራ ገባኝ። የበቆሎው ተባይ፣ የእሳት ራቱ፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው! የስንዴው ነቀዝ ሽምብራ ላይ ሄዷል፣ የሽምብራው ጤፍ ላይ። ከተሳሳተ ለምን ሁሉንም አይሳሳትም? በቆሎን ምን አይቶ ማረው?

እማ "ዓይን ነው" ትላለች። ዶክተር ሎዛ "ቅደም ተከተሉን እዪው" ብለው ጻፉልኝ። የምን ቅደም ተከተል? እህሎቹን እንደሆነ በእንቅልፌም እቆጥራቸዋለሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

አባ ለክፍለ ሀገር ደንበኛ በስልክ ዋጋ ይነግራል። "ጤፍ ይሄን ያህል... ስንዴ... በቆሎ... ሽምብራ..."

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

እህል በረንዳ ዋጋ የሚጠራው ከጤፍ ጀምሮ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሰማሁት፣ ጥላዎቹንም በዚያው ተራ ነው የጻፍኳቸው። መጀመሪያ ባዶ፣ ለጤፍ። ፕሮግራሙ ግን ገበያ ወጥቶ አያውቅም! እህሎቹን በሀ ሁ ተራ ነው የደረደራቸው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ በቆሎ፣ ጤፍ። ባዶው ስንዴ ላይ ወደቀ፣ የመጨረሻው ነቀዝ ጤፍ ላይ። በቆሎ በሁለቱም ሦስተኛ ነው!

ብቻዬን ሳቅሁ። ሙናዊር አብዳለች ብሎ አየኝ። ከዚያ ነገሩ ገባኝና ሳቄ ቆመ። ካረምኩት እኮ ነቀዙ የሚሄደው የአባ ስንዴ ላይ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የታረመውን ለአባ አሳየሁት። ዓምዶቹን በጣቱ እየተከተለ አየው።

"ያ ስንዴ ከተሸጠ ቆየ፣ የአሁኑ ንጹሕ ነው" አልኩት፣ እንዲቀለው።

"ያንንስ የሸጥነው እኛ አይደለን?"

ሙናዊር "አትልቀቂው፣ ሰው ይረሳዋል" አለ።

"ሰው ይረሳዋል፣ ውብሸት አይረሳውም" አለ አባ። "ልቀቀው። ነቀዙ ወደ ቤቱ ይመለስ።"

አባን እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ለጋሼ ውብሸት አስረዳኋቸው። ስለ ሀ ሁ ተራ፣ ስለ ባዶው... ላብ አጠመቀኝ።

"እና ጤፍን መጨረሻ አደረገው?" ነቀዙን ትተው በዚህ ተናደዱ።

"አሁን አስተካክዬዋለሁ ጋሼ። ጤፍ መጀመሪያ ነው።"

ስልኬን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ጣታቸውን የስንዴው ነቀዝ ላይ አሳረፉ።

"ይሄን አባትሽ አይቶታል?"

"ልቀቁት ያለን እሱ ነው።"

ስልኩን መለሱልኝ። ታረቅን? ተኳረፍን? እኔ እንጃ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አዛን ሲሰማ አባ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ውብሸት በርጩማቸውን ይዘው መጡና በሁለቱ በር መሃል ተቀመጡ።

"ሂድ እንጂ፣ ሰላቱ ሊያመልጥህ ነው።"

አባ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ሽማግሌዎች እንዲህ ነው የሚታረቁት?

ትንሽ ቆይቶ ሰባተኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ስንዴ ሊገዛ መጣ። ስልኩን አወጣ። "ግን ጋሼ፣ እዚህ ስንዴው ላይ ያለው ነቀዝ ምንድን ነው?"

ጋሼ ውብሸት ስልኩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"እሱን ተወው" አሉ። "የኮምፒዩተር ስህተት ነው።"

ከጆንያው ጀርባ ብድግ አልኩ። ጥናቴ እኮ ነው! ስንት ቀን የተሰቃየሁበት፣ አሁን ገና ትክክል የሆነው! ልናገር? ዝም ልበል? አፌን ከፈትኩ።

"ዶክተሬ" አሉ ጋሼ ውብሸት፣ ዘወር ሳይሉ። "ሚዛኑን አምጪልኝ።"

አመጣሁላቸው።