አራት ጊዜ የመለስኩት ቅጽ

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ለጠረጴዛ ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሰው ጤና አይጠየቅምና ይኸው እስከ ዛሬ ሳልጠይቅህ ቆየሁ። እናትህስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? አሁንም ብቻቸውን ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ? ታላቅ እህትህስ ከነልጆቿ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤተሰቦቼም ደህና ናቸው። እናቴ በስልክ በተገናኘን ቁጥር ያ ሳቂታ ልጅ የት ደረሰ ትለኛለች። አገሩ ገባ ብዬሽ የለም እንዴ ስላት፣ መግባቱንማ አውቃለሁ፣ የት ደረሰ ነው ያልኩሽ ትላለች።

በእጄ የምጽፍልህ ፊደሌ አምሮ አይደለም፤ እንዴት እንደምሞነጫጭር ታውቃለህ። ግን እኔና አንተ የምንላላከው ሁሉ በግልባጭ ለአራት ሰው ይሄዳል። ይህ ወረቀት ለማንም አይሄድም። ታናሽ እህቴ እንኳን ፊት ለፊቴ ቆማ ልብስ እየተኮሰች አንገቷን ስታሰግግ በክንዴ ጋርጄባታለሁ። ለማን ነው አለችኝ፤ የሥራ ነው አልኳት። ለሌላዋ ሴት አበባ ይላክላታል፣ ላንቺ አባሪ ይላክልሻል ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት፣ እውነቷን ነው።

ቢሮው እንደተውከው ነው ማለት ይቻላል። የምናስተባብራቸው የዘጠኙ አገሮች ፋይሎች ከመደርደሪያው አልተነሱም፤ የአገርህ ፋይል ጀርባው ላይ ያንተ የእጅ ጽሑፍ አሁንም አለ። ጠረጴዛህ ላይ ማተሚያ ማሽን ተቀምጧል፤ ሥራ ሊጀምር ሲል ያስላል፣ እኔም ባሳለ ቁጥር ቀና እላለሁ። አለቃችን አባ ሰንጠረዥ ያው ናቸው። ልጃቸውን ሲድሩ የተጋባዦቹን ዝርዝር በአራት ቀለም ሠርተው አሳይተውናል፤ እኔ ቢጫው ውስጥ ነበርኩ፣ የሚመጡ ግን የማይጨፍሩ ማለት ነው። ተናድጄ ጨፈርኩ።

ሥራውም ያው ነው። አገሮቹ በየአምስት ዓመቱ የአየር ንብረት ዕቅዳቸውን ያድሳሉ፤ ጭሳቸውን በምን እንደሚቀንሱ፣ ጎርፉንና ድርቁን በምን እንደሚቋቋሙ ይጽፋሉ፣ ያቃታቸውን ደግሞ ከእኛ ይጠይቃሉ። እኔ የሚጠይቀውን ከሚያውቀው አገናኛለሁ፤ ሦስት ባለሙያ አንድ አገር ላይ ተደራርቦ ሌላው ባዶ እጁን እንዳይቀር እጠብቃለሁ። ካንተ ጋር ስንሠራው ጨዋታ ነበር። አሁን ሥራ ነው።

አባትህ ያረፉ ጊዜ አገርህ ለዚሁ ዕቅድ ስትጠራህ፣ አብረን እንሂድ አልከኝ። እኔም ይህ ዙር ይለቅና አልኩህ። ዙሩ እኮ አምስት ዓመት ነው ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ጠረጴዛህን ስታጸዳ ነው። ይኸው ዙሩ አለቀ፣ ሌላውም ተጀመረ።

እንግዲህ ዙሪያ ጥምጥም ይብቃኝና ወደ ጥፋቴ ልግባ።

የአገርህ የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ሲመጣ ከሥሩ ያንተን ፊርማ አየሁ። የመጀመሪያውን በሕጉ ነው የመለስኩት። ገጽ አራት ላይ በወንዙ ዳር ወረዳ አርባ አንድ ሺህ አባወራ አለ ይላል፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ አሥራ አራት ሺህ። ካንተ እንዲህ ያለ ስህተት አይጠበቅም ነበር፤ የሁላችንን ግድፈት በእርሳስ ስትለቅም የኖርክ ሰው ነህና። ሥራ በዝቶበታል አልኩ። በሦስተኛው ቀን መልስህ መጣ፤ እርማቱ ተያይዟል ይላል። ከፊርማህ በታች ግን አንዲት መስመር ነበረች፣ እዚህ ዝናቡ ገና ነው፣ እዚያስ የምትል። ግልባጭ የሚደርሳቸው አራቱ ሰዎች ከፊርማ በታች አያነቡም። እኔ አነበብኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አባወራው ተስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ የገጽ ሰባት ሰንጠረዥ ዓመተ ምሕረት አልነበረውም፤ መለስኩት። የዚያኛው መልስ ደግሞ በመስኮቴ በኩል ያለው ዛፍ አሁንም ቅጠሉን ኪቦርዴ ላይ ያራግፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሦስተኛው የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎቹ ዝርዝር ቀርቶ ነበር። ስልክ አንስቼ ብጠይቅህ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር እኮ ነው! አላነሳሁም። መልሼ ላክሁልህና ከፊርማዬ በታች ዛፉ ተቆረጠ ብዬ ጻፍኩ። አንተም በአራተኛው ቅጽ ሥር አዘንኩ አልከኝ፤ ሌላ ምንም። ለዛፉ ይሁን ለሌላ ነገር አልገለጽክም። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ቃል ስገላበጥ ከረምኩ።

አራተኛው ላይ ነው የወደቅሁት። ዝርዝሩ መጥቶ አንድ ጣቢያ ብቻ ጎድሎት ነበር። አየሁት። ዓይኔ እያየ ለሚቀጥለው ጊዜ ይሁነኝ ብዬ አስቀመጥኩት። እሱን ትቼ ዓይኔን በጨው አጥቤ ማኅተሙ ቀኑን ሸፍኖታልና እንደገና ይመታ ብዬ መለስኩልህ። እንዲህ የሚል መመሪያ የለንም። እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ሻይ እየጠጣሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ ነበረን። የውኃ ባለሙያዋን አታውቃትም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የመጣችው፤ ወንዝ ሲሞላ ሰዉ ቀድሞ የሚያውቅበትን መንገድ የምታስተካክል ጎበዝ ሴት ናት። ዝናብ ሳይገባ ስድስት ሳምንት ክፍት ነበራት። አባ ሰንጠረዥ ሰንጠረዣቸውን ግድግዳው ላይ አበሩ። ቅጹ የተሟላ አረንጓዴ፣ ያልተሟላ ቀይ። የአገርህ መስመር ቀይ ነበር፣ ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው የደሴቲቱ አገር ደግሞ አረንጓዴ። ባለሙያዋ ለደሴቲቱ ተሰጠች። እኔ እስክሪብቶዬን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ተቀመጥኩ።

ከስብሰባው ስንወጣ ባለሙያዋ ክንዴን ይዛ ለወንዙ ዳር ሰዎች አዘንኩ፣ ዘንድሮ ውኃው ይከብዳል እየተባለ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ያጫወትከኝ ትዝ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ወንዙ ሞልቶ ቤት ሲገባ እናትህ ቁም ሣጥን ላይ አውጥተው አስቀምጠውህ፣ እሳቸው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው እስኪነጋ ተረት ሲያወሩልህ ነበር ያልከኝ። እናትህ ያሉት እዚያው ቤት ነው። ጉልበታቸውን እያመማቸው። እኔ ደግሞ በዚህ በኩል ከፊርማህ በታች የምትመጣዋን አንዲት መስመር እጠብቃለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ሦስት ቀን ታግዬ ሐሙስ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ቅጹን በማኅተሙ ሰበብ እንደመለስኩት ነገርኳቸው። ማኅተም ቀን አይሸፍንም የሚለው መመሪያ የቱ ጋ ነው አሉኝ። የለም አልኳቸው። ታዲያ ማን አወጣው? እኔ። ለምን? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መልስ እንዲመጣልኝ ብዬ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ሰንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ነገር ሲገጥማቸው እንዲህ ናቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአገርህ ፋይል ከሰኞ ጀምሮ ለመዝገብ ባለሙያው እንዲሰጥ አዘዙ፣ ባለሙያዋን የማስመለሱን ጣጣ ግን አንቺ ያበላሸሽውን አንቺ አስተካክዪ ብለው ለእኔው ተዉት።

የደሴቲቱ አስተባባሪ ስልክ ላይ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ሆኖም የእነሱ ዝናብ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ባለሙያዋን ላንተ አስቀድማ እሷ በኋላ ልትወስድ እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ፦ የተሟላ ቅጽህ እስከ ረቡዕ ካልገባ ስምምነቱ ይፈርሳል። የመዝገብ ባለሙያው ሰኞ ጠዋት የጎደለውን ሁሉ ዘርዝሮ ይጽፍልሃል፤ ጣቢያውንም ነግሬዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ለዚያ አይደርስም። ይህ ለእኔና ላንተ ነው።

ከእንግዲህ ያንተ ወረቀት በእጄ አያልፍም። የምጽፍልህ ምክንያት የለኝም፣ አንተም የምትመልስልኝ ነገር የለህም። ትላንት ቢሮ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ሆድ ባሰኝና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ። ናፍቀኸኛል። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት ይህንኑ ነው። ስታስብ እርሳስ መንከስህ ናፍቆኛል፣ ሻዬን ረስቼ ሲቀዘቅዝ ሳትናገር አፍስሰህ ሌላ ማምጣትህ ናፍቆኛል። ያን ጊዜ እሺ ብዬህ ቢሆን የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል። አግብተህም እንደሆነ አላውቅም። አግብተህ ከሆነ ይህችን ገጽ ቅደዳትና የፊተኛውን ብቻ እንደ ይቅርታ ቁጠርልኝ።

ማክሰኞ

ትላንት ልልከው ፖስታ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ወረፋው ረጅም ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት፤ ሁለት ሰው ነበር የቆመው። የሆነውን ከዚሁ ጋር ልጨምርልህ።

የመዝገብ ባለሙያው ትላንት ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈልህ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቅጽህ ገባ። አርባ አንዱም ሺህ በቦታው፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ ጣቢያዎቹም አንድ ሳይቀር፣ ማኅተሙም ቀኑን ሳይነካ። በባለሙያው ትከሻ ላይ አሻግሬ ከፊርማህ በታች አየሁ። ምንም የለም። አባ ሰንጠረዥ መስመሩን አረንጓዴ አደረጉት፤ ባለሙያዋ እሑድ ትነሳለች። ጠንካራ ጫማ ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። ለእናትህ ቤት የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደወል ካላስገባሽ እንዳትመለሺ ብዬም አስጠንቅቄያታለሁ፤ ይህኛውም መመሪያ የእኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት የመዝገብ ባለሙያው ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህ ሰው ቀን ካልመዘገበ አይተኛም፤ የእያንዳንዱን ፋይል ልደት ይጽፋል። አንድ ነገር አልገባኝም አለኝ። ትላንት የመጣው የተሟላው ቅጽ የተሠራበትን ቀን ሲያይ፣ የመጀመሪያው የተሳሳተው ቅጽ ለእኛ ከመላኩ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዲሱ ማኅተም በቀር አንድ ፊደል አልተነካም። ምን ማለት ነው አለኝ።

ካንተ የማይጠበቀው ያ ስህተት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ከዚያ ኮምፒውተራቸው ቀን ተዛብቶበት ይሆናል አልኩት። አመነኝ፤ ምስኪን ነው። ለዚህ ዙር አንድ ጥፋተኛ ይበቃል ብዬ ነው።

አሁን ተነስቼ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፣ ወረፋው እስከ መንገድ ቢደርስም እቆማለሁ። ከፖስታው ጀርባ ያለው አድራሻ የቤቴ ነው።

ፈጣሪ ለእናትህ ጉልበት፣ ላንተም ጤና ይስጥልኝ። ወንዙ በልኩ ይምጣላችሁ፣ በልኩም ይመለስ። ቤታችሁ ደረቅ፣ ደጃችሁ ለምለም ይሁን።

የጠረጴዛ ጎረቤትህ