በአባታቸው አውድማ ላይ ፋብሪካ የተከሉት አቶ ባዩ ቀለመ ወርቅ

አቶ ባዩ ከአባታቸው ከመሪጌታ ቀለመ ወርቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች በ1950 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ ጋይንት ውስጥ ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ እዚያው ጋይንት ካለችው ከቤተ ልሔም የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ፤ ጾመ ድጓም ጀመሩ። መሪጌታ ልጃቸው በዜማ እንዲገፉ ቢመኙም የእርሳቸው ልብ ብረት ላይ ነበር። የተሰበረ ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም።

በ1968 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ጥበቡ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረዱ ወባ ጣላቸውና እዚያው ቀሩ። አስከሬናቸው አልመጣም። እናታቸው ሐዘኑን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጨረሱትም፤ አቶ ባዩም ያን ጊዜ፣ «የዚህ አገር ልጅ ለእንጀራ ሲል ቆላ ወርዶ እንዳይቀር እዚሁ ሥራ እተክላለሁ» ብለው ማሉ። አንዴ ከማሉ ደግሞ ማን ይመልሳቸዋል!

በ1970 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሄደው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጉልበት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ውለው አድረውም መካኒክ ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እድላዊትንና ሚካኤልን ወለዱ። በ2004 ዓ.ም. ጥሪታቸውን ሁሉ ይዘው ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱና የገብስ ዱቄትና የበሶ ፋብሪካ ተከሉ። የተከሉትም በአባታቸው አውድማ ላይ ነው። ወይዘሮ ቦጋለች ይህን ሲሰሙ፣ «ኧረ ተው አንተ ሰው! አውድማ ላይ ቤት ይሠራል እንዴ? በረከቱ የት ይግባ?» ብለው ነበር። አቶ ባዩ ግን ሳቁ፤ «በረከቱ እንዳይሄድብኝ እኮ ነው እዚያው የምሠራው» አሉ።

ቤቱ ፋብሪካ ይሁን እንጂ ሕጉ የአውድማ ሕግ ሆኖ ቀጠለ። በጫማ አይገባም። «አለቀ» አይባልም፤ ጆንያ ባዶ ሲሆን «በረከት ሆነ» ይባላል። ሊመርቁ የመጡት ሹማምንት እንኳ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት፤ የአንዳንዱ ካልሲ ቀዳዳ የአርብ ገበያ ወሬ ሆኖ ከረመ።

ሥራው አማረ። ከስማዳና ከእስቴ ሳይቀር ገብስ በአህያ ይመጣ ጀመር፤ ዱቄቱም ንፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ደረሰ። በየዓመቱ መተማ ይወርዱ የነበሩ ልጆች ነጭ አቧራ ለብሰው እዚሁ ደመወዝ በሉ። ችግሩ ግን አልለቀቀም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። አንዲት የማሽን ኩሽኔታ ስትሰበር የውጭ ምንዛሪ የለም እየተባለ ማሽኑ ክረምትና በጋ ይቆማል። መንገድ ሲዘጋም ዱቄቱ በመጋዘን ይነቅዛል። አቶ ባዩ አንድም ሠራተኛ ሳይበትኑ ይህን ሁሉ በትከሻቸው ቻሉት።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መብራት ሄዶ ቀረ። መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ለመተማ ስንቅ ይቋጥሩ ጀመር። አንድ ቀን በቀትር፣ አቶ ባዩ ስለ መብራቱ ሊለምኑ ከሄዱበት ከንፋስ መውጫ ድክም ብሏቸው ተመለሱ። ከነጫማቸው ገቡ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ይጠብቋቸው ነበርና፣ «ልጆቼ፣ ምን ላድርጋችሁ? አለቀ» አሏቸው።

ጆንያ ሰፊዋ ወይዘሮ የትናየት አፋቸውን ያዙ። ከዚያ የማሽኑ ቺንጋ፣ ያ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ተንቀሳቀሰና ወፍጮው ባዶውን መዞር ጀመረ። የፋብሪካው የመብራት ሠራተኛ አዳነ ሮጦ ፊውዙን ነቀለ፤ ሽቦውንም ቆረጠ። ወፍጮው ግን መዞሩን አልተወም። ድምፁ የሞተር ድምፅ አልነበረም፤ ጭድ ላይ እየዞሩ የሚያበራዩ በሬዎች የኮቴ ድምፅ ነበር። ሰው ሁሉ በሩ ላይ የተወውን ጫማ እንኳ ሳይወስድ ሸሸ። ፍሥሐ የሚባለው ጎበዝ በዚያው በባዶ እግሩ መተማ ወረደ፤ እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም። ጫማው ግን አለ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ባዩ ሌላ ሰው ሆኑ። በየቀኑ በባዶ እግራቸው እየገቡ ወፍጮው ፊት ይቀመጡና፣ «ተሳስቼ ነው፤ አላለቀም» ይላሉ። ካህናት መጥተው ጸበል ረጩ፤ ወፍጮው አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ባዶውን ሲዞር ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይበላሉ ስለፈሩ አቶ ባዩ በመጨረሻ ከቤታቸው ገብስ አምጥተው በእጃቸው ጨመሩለት። ዱቄት ወጣ። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ መሆኑን ማን ያጣዋል? ይህ ግን እንደ ምንጭ ውኃ የቀዘቀዘ ነበር። ዘመድ ሁሉ ሲሸሸው ወይዘሮ ቦጋለች ቆንጠር አድርገው ቀመሱና፣ «ገብስ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ። ይህን የሰሙ ሠራተኞች አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ ዱቄቱም ገበያ ወጣ። ወፍጮው ግን ከአቶ ባዩ እጅ በቀር የማንንም ገብስ አይቀበልም ነበር፤ ሌላ ሰው የጨመረው እንዳለ ተመልሶ ይፈሳል።

አቶ ባዩ ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲጨምሩ ኖረው ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ቤት ቢወሰዱም፣ «ባዶውን እየዞረ ነው፤ መልሱኝ» እያሉ አስቸገሩ። ወደ ቤታቸው ተመልሰው ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት እድላዊትን ጠርተው እጇን ያዙና፣ «ልጆቹ እንዳይወርዱ» አሏት። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት እድላዊት እያለቀሰች ሄዳ አንድ እፍኝ ገብስ ጨመረች። ወፍጮው ተቀበላት።

አቶ ባዩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቦጋለችን፣ ልጆቻቸውን እድላዊትንና ሚካኤልን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም ልጅ ብለው የሚጠሯቸውን ሠራተኞች ትተው ሄደዋል። ቤተ ዘመዱ ሐዘኑ ከብዶታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል! ሲደክሙ የኖሩትን የአቶ ባዩን ነፍስ አምላክ ድካም በሌለበት አገር ያሳርፍልን፤ ለእናንተም ለቀባሪዎች ዕድሜ ይስጥልን።

መተማ ልትወርዱ ስንቅ የቋጠራችሁ ልጆች! ይህ ሲጻፍ መብራት አልመጣም። ወፍጮው እየዞረ ነው። ማን እንደሚያዞረው እኛም አናውቅም። እድላዊት ግን ወፍጮው ፊት ብቻዋን ናት፤ ቅሩላት።