መርዶ ሳይነግሩኝ የተላጨሁት ጢም

ለወንድሜ ለአባይነህ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር በዚህ ክረምት ባሰብህ ወይስ ታገሠህ? ባለቤትህ ይርገዱ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ቤትህ፣ ደጅህ፣ ሥራህ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ። ለእህታችን ለአልጋነሽ ግን በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልልክም። መሞቷን አውቄአለሁ።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስትዋሸኝ ስለ ከረምክ ነው፤ ወረቀት ደግሞ መሐል ገብተህ አታቋርጠውም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ታውቃለህ፣ አላፍርበትምም። የሚጽፍልኝ ዘይኑዲን ነው፤ ያ ቸርችል ጎዳና ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ ይጽፍ የነበረው የደሴው ሰው። ቃሌን ሳያሳምር እንዲጽፈው አስምዬዋለሁ። «ይህቺን ትንሽ እናለስልሳት» ብሎኛል አሁን እንኳ፤ አይሆንም ብዬዋለሁ።

ለምን እንደ ደበቃችሁኝ ሰምቻለሁ። ጥር ላይ ሆስፒታል ስለ ተኛሁ፣ ሐኪሙም ድንጋጤ አይስማማውም ስላለ ነው አሉ። ደም ግፊት አለበት፣ ልቡ አይችለውም ብላችሁ መከራችሁ። አባይነህ፣ እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየማለዳው እንደ ሰንጢ የሚታጠፈውን ምላጭ ዘርግቼ ጉሮሮዬ ላይ አሳርፋለሁ። ሥሩ ከሚመታበት ቦታ ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ መነጽር ሳላደርግ። እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን እጅ ነው እንግዲህ የእህቱን ሞት አይችልም ያላችሁት።

አንተ መላጨቴን እንደ ቅብጠት ነው የምታየው። አንድ ጊዜ እኔ ቤት አድረህ «ጋሼ፣ የምትሞሸር ነው የሚመስለው» ብለኸኛል፤ አልረሳሁትም። ሙሽራ ለመምሰል አይደለም። አርባ አንድ ዓመት እዚህ ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜአለሁ። አርመኑ ባለቤት ሱቁ ሳይከፈት ሁላችንንም ያሰልፍና በእጁ ጀርባ ጉንጫችንን ይዳስስ ነበር። የሻከረበትን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። እኔን አንድም ቀን አልመለሰኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማንም የሚዳስሰኝ ባይኖርም ልተወው አልቻልኩም። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ ሌላው ጠጅ ቤት ይውላል፣ እኔ እላጫለሁ።

ማለዳ ተነሥቼ ውኃ ከሰል ላይ እጥዳለሁ። መስተዋቷን ግቢው ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ባለችው ምስማር እሰቅላለሁ። ብሩሿን ሙቅ ውኃ ውስጥ እነክራታለሁ፤ የአሳማ ጠጉር ናት ይላሉ፣ ለዚህ ነው ዘይኑዲን እንኳን ሊነካት ከተቀመጠችበት ዕቃ ራቅ ብሎ የሚቀመጠው። ጆሮው በተሰበረ ስኒ ውስጥ ሳሙናውን እመታዋለሁ፣ ማንኪያ እስኪቆም ድረስ። ምላጩን በቀበቶ ቆዳ ወዲያና ወዲህ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ጠጉሩ ወደ ተኛበት፣ ቀጥሎ በጎን። አልቸኩልም። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ደም የምታቆመው ነጭ ድንጋይ፣ በመጨረሻ ኮሎኛ። ፊቴ ሲቃጠል ያን ጊዜ ነግቶልኛል እላለሁ። ይህን የሚያውቅልኝ አልጋነሽ ብቻ ነበረች። ለበዓል በመጣች ቁጥር ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «የሕፃን ቂጥ አስመስለኸዋል» ትለኝ ነበር። ዘይኑዲን ይህን ይጻፍ ወይ ብሎኛል፤ ይጻፍ።

እንግዲህ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን ሞተች። ያን ጠዋት ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ፤ አዲስ ሳሙና የከፈትኩበት ቀን ነው፣ ሽታው ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ተላጭቻለሁ። እናንተ እዚያ ስትቀብሯት እኔ እዚህ ሁለት ጊዜ ተላጨሁ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ጠዋት ያህል ሙልጭ አድርጌ፣ ኮሎኛ ተቀብቼ፣ ኮፍያዬን አዘንብዬ ፒያሳ ወጥቻለሁ። የግቢው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንተ ለጎረቤቴ ለለተኪዳን ደውለህ ነግረሃታል፣ ለእሱ እንዳትነግሪው ብለህ አስምለሃታል፣ እሷም ሌሎቹን አስምላለች። ጠዋት ጠዋት ስላጭ ከየበራቸው ቆመው ያዩኝ ነበር። እኔ ጅሉ እጄን እያደነቁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ዞር ብዬ «መማር የሚፈልግ ይቅረብ» አልኳቸው። አንዲቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች።

ግንቦት ሠላሳ ጾሙ ሊገባ ሲል እዚህ ሰፈር ሠርግ ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ከፈረሰ በኋላ የተበተነው ሰው ሁሉ ተጠርቶ መጣ፤ ከየኮንዶሚኒየሙ። ስንት ዓመት ያላየኋቸውን አየሁ። ጉንጬ እንደ ብርጭቆ ነበር፣ ነጭ ሱፌን ለብሻለሁ፣ ተነሥቼ ጨፈርኩ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ሽማግሌ ስለ ጨፈረ መስሎኝ ነበር። ያ ቀን አርባዋ ነበር፣ አባይነህ። አንተ እዚያ በተዝካሯ ድንኳን ውስጥ ካህናት ስታበላ እኔ እዚህ እስክስታ እመታ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ እጄን ይዞ ያስቀመጠኝ የለም። ይህን ለማን ልክሰሰው?

ይህም ይሁን። የማልተውልህ የቴዎድሮስን ነገር ነው።

የእህትህ ልጅ ሰኔ ስምንት መጣ። ለመሬቱ ወረቀት ጉዳይ ነው ብሎኛል፤ ይሁን። ጢሙ ጉንጩን ሁሉ ሸፍኖታል። በድሮው ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው በሬ ላይ ሲቆም ገና ሳይቀመጥ ማን ሞተብህ እለው ነበር። አሁን ግን የፒያሳ ጎረምሳ ሁሉ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በማበጠሪያ እያበጠረ ነው ማኪያቶ የሚጠጣው። ጢም የሐዘን ምልክት መሆኑ ከቀረ ቆየ። ስለዚህ ልቤ ምንም አልጠረጠረም። እናትህ እንዴት ናት አልኩት። ወደ መሬት እያየ «ሰላም ብላሃለች ጋሼ» አለኝ። ሙት እናቱን ሰላምታ ያስላካችሁት እናንተ ናችሁ።

በማግስቱ ጠዋት መስተዋቷን ሰቅዬ ስመለከት ከኋላዬ ቆሟል። «ምንድን ነው ይሄ? ባሕታዊ ሆንክ ወይስ ምላጭ ጠፋ እናንተ አገር?» አልኩት። የዘመኑ ነው አለኝ። «የዘመኑ ከሆነ ለዘመኑ ተወውና ና ተቀመጥ» አልኩት። እምቢ አለ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፤ እጁን ይዤ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰርኩ። ምን ይበል? ቢነግረኝ መሐላችሁን ማፍረሱ ነው። አንገቱን ሰጠኝ። በመቀስ አሳጠርኩት፣ ሳሙናውን ቀባሁት፣ ምላጩን አሳረፍኩ። እንባው በአረፋው ላይ መንገድ አውጥቶ ወረደ። ሳሙናው ዓይንህ ገባ እንዴ አልኩት። አዎ ጋሼ፣ ሳሙናው ነው አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል፣ እኔ ደግሞ «አትነቃነቅ እቆርጥሃለሁ» እያልኩ እቆጣዋለሁ። ስጨርስ ጉንጩን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩትና «አሁን እናትህ ብታይህ ትኮራብሃለች» አልኩት። ይህን ብያለሁ። ጠጉሩን ከአረፋው ጋር ቦዩ ላይ ደፋሁት። ጎርፍ ነበር፣ ይዞት ወረደ።

በሦስተኛው ቀን በጠዋት ወደ መናኸሪያ ሸኝቼው ስመለስ ለተኪዳን ደጃፏን ትጠርጋለች። መጥረጊያዋን ጣል አድርጋ መጣችና እጄን ሳመችው። «እግዜር ይስጥዎት ጋሽ ገብሬ፣ ልጁን ከሐዘን አወጡት። እኔም አርባው ካለፈ ምነው ጢሙን የሚያነሣለት ሰው በተገኘ ስል ነበር። በእርስዎ እጅ መሆኑ ደግሞ» አለችኝ። ለካ ማታ ነግሮኝ ሁለታችን አልቅሰን፣ በማግስቱ እንደ ሥርዓቱ ታላቅ ነኝና ጢሙን ያነሣሁለት መስሏታል። «የማን ሐዘን?» አልኳት። ፊቷ አመድ ሆነ። የማን ሐዘን ብዬ እንደገና ጠየቅኋት። መጥረጊያዋን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ያ ሁሉ ጢም የሚያድግለት፣ ለልጁ ከእናቱ የቀረበ ሰው ማን ነው? እኔው ራሴ መለስኩት፤ የቀረውን፣ ቀኑንና ምክንያቱን፣ እሷው ዘረዘረችልኝ። ለተኪዳንን አትውቀሳት፤ ከሁላችሁም ይልቅ እሷ አክብራኛለች፤ የሚያውቅ ሰው አድርጋ ነው የቆጠረችኝ።

ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። የጣድኩት ውኃ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ ከሰሉም አመድ ሆነ። አልተላጨሁም። አላለቀስኩምም። ልቤም አልቆመም፣ ሐኪሙን ንገሩት።

ከዚያ እሑድ ደወልክ። አልጋነሽን አገናኘኝ አልኩህ። ቅዳሴ ናት አልከኝ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ድምፅዋ ዘግቷል፣ ጉንፋን ይዟታል አልከኝ። ጥሩ አድርገህ ዋሸህ፣ ሳል ሁሉ ጨምረህላታል። እኔ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ ያደገውን ጢሜን እያሻሸሁ አዳመጥኩህ። ልጅ ሆነህ እንኳ እንዲህ አትዋሽም ነበር።

አሁን ጢሜ ወር ሊሞላው ነው። ነጭ ነው፣ ያሳክከኛል፣ ሾርባ ይይዛል። ትናንት ለሥላሴ ንግሥ ወጣሁ፤ በሕይወቴ ሳልላጭ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። የሚያውቁኝ «ማን ሞተብዎት?» ብለው ጠየቁኝ። እንግዲህ ለሽማግሌ ጢም አሁንም ይጠየቃል። ምን ብዬ ልመልስ? እህቴ ሞታለች ብል መቼ ይሉኛል፤ ሚያዝያ ብል ለምን አልነገርከንም ይሉኛል። ስለቴ ነው ብዬ አለፍኩ። አንተ ዋሽተህ እኔንም በመጨረሻ ውሸታም አደረግኸኝ፣ ያውም በሥላሴ ደጅ።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር። ይበቃል፣ ጢምህን አንሣና ከሐዘን ውጣ አሉኝ። መቼ ገብቼ ነው የምወጣው አልኳቸው። መርዶ የነገረኝ የለም፣ ድንኳን የተከለልኝ የለም፣ እግዜር ያጽናህ ያለኝ የለም። የጎረቤት ሴት ከአፏ ያመለጣት ወሬ መርዶ አይባልም። እርሜን አላወጣሁም። በትራቸውን አንሥተው ወጡ፤ እነሱም ከዋሹኝ ናቸው።

ስለዚህ ና። መንገዱ አስጊ ነው ብለህ እንዳትነግረኝ፤ ቴዎድሮስ መጥቶበታል፣ ተመልሶበታልም። እዚህ ከደረስክ ማታ ዘይኑዲን ዘንድ እደር፣ እኔ ዘንድ አትምጣ። ጎሕ ሲቀድ ሰው አስከትለህ በሬን ምታ። ለተኪዳን ትኑር፣ ዕድርተኞቹ ይኑሩ፣ ግቢው በሙሉ ይኑር፤ ሁሉም መርዶዬን በልተውታልና ይትፉት። እኔ እንቅልፍ ላይ እንደ ነበረ ሰው ተነሥቼ እከፍታለሁ። ማን ሞተ ብዬ እጠይቅሃለሁ። አንተ ፊቴን እያየህ ስሟን ትጠራለህ። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ፣ እንደሚገባት አድርጌ፤ ለእሷ አስቀምጬዋለሁ።

ሐዘኑ ሲያበቃ ጢሜን የምታነሣው አንተ ነህ። ሌላ ሰው አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። እጄ አሁን ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ምላጩን አልያዝኩትም። አንተ ትይዘዋለህ። አንገቴን ቀና አድርጌ እሰጥሃለሁ። ምን ያህል እንደምችል ያን ጊዜ ታያለህ።

ካልመጣህ ግን እንዳለ ይደግ። ከነጢሜ ትቀብሩኛላችሁ። እኔ ስሞት ደግሞ ከማን እንደምትደብቁት እንጃ፤ የሚደበቅበት ሽማግሌ አልቆባችኋል።

ለባለቤትህ ለይርገዱ ሰላም በልልኝ። በስልክ ደህና ነን ስትለኝ ድምፅዋ ይሰባበር ነበር፤ እንደ አንተ አልቻለችበትም፣ ስለዚህ አልተቀየምኳትም። ልጅህ ዘርዓብሩክ ፈተናውን እንዴት አደረገ? ሰላም በልልኝ። ኤዶምን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አክስቷን በጣም ትወድ ነበር፣ ዕድሜዋ ትንሽ ነው ብላችሁ ከእሷም እንዳትደብቁ፤ ከደበቃችሁ ዛሬውኑ ንገሯት። ቴዎድሮስን ይዘኸው ና። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ በወረቀት ግን አልጠይቀውም፤ የዚያን ጠዋት ያህል ቀርቤው ነው የምጠይቀው።

ቃሉ የእኔ ነው፣ ጽሕፈቱ የዘይኑዲን። ከታች ያለው የቀኝ አውራ ጣቴ አሻራ ነው።

ታላቅህ ገብረአምላክ

አራዳ፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.